ለልጅ ልጄ የክርስትና እናት ስፈልግ

ልጄ ሴት ልጅ በወለደች ቀን ደስ አለኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር እንዳይሸፍንብኝ። የግንቦት ፀሐይ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሜ ነርሷ ወጥታ "ሴት ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው" ስትለኝ እዚያው ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ሲሚንቶው ጉልበቴን አቃጠለኝ። ቶሎ አልተነሣሁም።

የሕፃኗ አባት የለም። አለ፣ ግን የለም። ልጄ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እሱም እዚያው የማሽን ጠጋኝ ነበር። ማርገዟን ስትነግረው ሥራውን ለቆ ሄደ፤ ስልኩም ተለወጠ። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም። እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄ ተውኩ። የጠየቅኩ ዕለት እህሉን ትታ ከገበታ ተነሣች። ነፍሰ ጡር ከገበታ የሚያስነሣ ጥያቄ ቢቀርስ አልኩ።

ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ካረፈ ቆይቷል። የቀረልኝ ሁለት ክፍል ቤት፣ በግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ፣ ይህች አንዲት ልጅና ማኅበሬ ነው።

ማኅበራችን የእመቤታችን ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ቀን በተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። ተረኛዋ ዳቦ ትደፋለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፤ ካህን መጥቶ ይባርካል። በር ላይ የመጣ ችግረኛ እኛ ሳንቀምስ አስቀድሞ ይበላል። ሲያበቃ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ወደሚቀጥለው ተረኛ ቤት ይሄዳል፤ ወሩን እዚያ ይከርማል። ጽዋው ባለበት ቤት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አይጣላም። እኛ እንዲህ ነው የለመድነው።

ባለቤቴ ሲሞት ያቆሙኝ እነዚህ ሴቶች ናቸው። ይህንንም ልጻፈው። ድስቴን ያጠቡት፣ አልጋዬ ሥር ፍራሽ ዘርግተው ያደሩት፣ አልበላም ስል በግድ ያጎረሱኝ እነሱ ናቸው። ስለ እነሱ ክፉ ለመናገር አልተቀመጥኩም።

ዛሬ ዛሬ ማኅበሩ ሌላ መልክ አለው። አንድ ዓይነት ጥበብ አሰፍተናል። ዳቦው ሳይቆረስ ፎቶ እንነሣለን። የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ገና ሳይነጋ የዕለቱ ጥቅስ ከአበባ ሥዕል ጋር ይመጣል፣ ሁላችንም ከሥሩ "አሜን" እንላለን። መጥፎ ነው አልልም። ጉልበቴን ሲያመኝና ቤት ስውል ያ "አሜን" ጓደኛ ሆኖኛል።

የልጄ ሆድ መታየት በጀመረ ጊዜ መጀመሪያ የተናገረችው ከመካከላችን ኃይለኛዋ ናት። ይህች ሴት ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ትኖራለች። የዳቦ ቤት ባለቤት ነበረች፤ አሁን ልጇ ነው የሚሠራበት። እጆቿ ትላልቅ ናቸው፤ ድምፅዋም እንደዚያው። ሁሉም ተሰብስቦ፣ ካህኑ ገና ሳይመጡ፣ ከወንበሯ ሳትነሣ ጠራችኝ።

"ልጅሽ አርግዛለች አይደል?"

"አዎ።"

"በተክሊል ነው በሰማንያ?"

ወደ ጽዋው አየሁ።

"ሰባቱን አጽዋማት አንድ ሳትሸራርፊ ትጾሚያለሽ። አንቺ ስትጾሚ ልጅሽን ማን ይጠብቅልሽ ነበር?"

ሌሎቹ ተንጫጩ። "ኧረ ተይ!" "ምን ዓይነት አፍ ነው?" "በእመቤታችን ቤት!" እሷ ግን "እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ ውሸት ከሆነ ትንገረኝ" ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ስንወጣ ሴቶቹ ከበው እስከ ባጃጁ ሸኙኝ። ከሁሉም የምቀርባት ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ "እህትዓለም፣ አትስሚያት። ልጅሽ ልጃችን ናት" አለችኝ። ያን ቀን በዚህ ቃል ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ከኃይለኛዋ ጋር ግን ከዚያ ወዲህ ጉንጭ ለጉንጭ ነክተን ማለፍ ብቻ ሆነ።

ሕፃኗ ተወለደች። በሰኔ ሃያ አንድ ተራው የእኔ ነበር። ጌሾው ተወቅጧል፤ ብቅሉ ደርቋል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ማር ነው።

"እህቴ፣ እንዴት ነሽ? አራሷስ? ሕፃኗስ? ስሚ፣ ሸክም እንዳይበዛብሽ አስበንልሻል። የዚህ ወር ጽዋ ይለፍሽ። ከአንቺ ቀጥሎ ያለችው ትወስደዋለች። አንቺ ዕረፊ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኳት። ከልቤ ነበር። ስልኩን አስቀምጬ ጌሾውን ዕቃ ውስጥ ስመልስ ነው ነገሩ የገባኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት የሰብሳቢያችን የራሷ ልጅ ወልዳ ነበር፤ ተራዋ ከአራስ ቤት ጋር ገጠመ። ያኔ ጽዋ አራስ ቤት ሲገባ እጥፍ በረከት ነው ብለን እልል ያልነው እኛው ነን።

ለልጄ አልነገርኳትም። እሷ ግን ጌሾውን ያየችው ይመስለኛል። ሰኔ ሃያ አንድ ሲደርስ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ሕፃኗን እያጠባች "እማዬ፣ በእኔ ነው አይደል?" አለችኝ። "ሙቀቱ ነው፤ ሰው አይወጣም" አልኳት። ድሬ መቼ ሙቀት ጠፍቶባት ያውቃል?

ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ሰማንያው ቀን የፍልሰታ ጾም ውስጥ ገባ። የንስሐ አባቴ መጥተው ጸበል ሲረጩ ጠየቅኳቸው።

"አባቴ፣ የክርስትና እናት ራሴ ብሆንላትስ?"

ሽማግሌ ናቸው። ቀስ ብለው ይስቃሉ። "አንቺማ አያቷ ነሽ፤ አንቺን አላት። ክርስትና የሌላትን ዘመድ መስጫ ነው። ሂጂ፣ ዘመድ ፈልጊላት።"

ከባድ አልመሰለኝም። ማኅበር ያላት ሴት ዘመድ ይቸግራታል ብዬ አላሰብኩም። የክርስትና እናት ለጌጥ አይደለችም። በልጅቷ አፍ ሰይጣንን ትክዳለች፣ በልጅቷ አፍ ሃይማኖቷን ትመሰክራለች፤ እናት ብትሞት እናት ናት። ያቺን ሴት ለመፈለግ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት "ልጅሽ ልጃችን ናት" ወዳለችኝ ጓደኛዬ ነው። ቤቷ ከዚራ ሰፈር ነው፤ ዛፎቹ ጥላ ስላላቸው እዚያ መሄድ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ተቃቅፈን ተሳሳምን። ጾም ስለነበር የቀረበ ነገር የለም፤ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ነገርኳት። ፊቷ በራ፣ ቀጥሎ ደግሞ የሆነ ነገር አለፈበት።

"ደስ ይለኛል እኮ! ብቻ ባለቤቴን ላማክረው። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ነው፤ ታውቂያለሽ፣ ሰው ምን ይላል ይላል።"

"ምን ይላል?"

"ምንም አይልም እኮ። ብቻ እሱ እንደዚያ ነው።"

በማግስቱ ደወለች። ደም ግፊቷ ተነሥቶባታል፤ ሐኪም ገና ሳይነጋ እንዳትወጣ ከልክሏታል። እግዚአብሔር ይማርሽ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ኪዳን ላይ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ከፊቴ ቆማ ስትሰግድ አየኋት። ደህና በመሆኗ አመሰገንኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ቀጥዬ በግሩፑ ላይ ጥቅሱን የምትልክልንን ወጣት ጠየቅኳት። ቢሮ የምትሠራ፣ ትሑት ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር አገኘኋት።

"እማማ፣ ሱባዔ ይዣለሁ" አለችኝ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ። "ጾሙ እስኪፈታ ድረስ ከዓለም ጉዳይ ተለይቻለሁ።"

"ክርስትና ማስነሣት የዓለም ጉዳይ ነው?"

"አይደለም፤ ግን ሐሳብ ይከፍላል። ደግሞ እኔ ገና አላገባሁም። የእንዲህ ዓይነት ልጅ ክርስትና እናት ከሆንኩ..." ጨርሳ አልተናገረችውም። "እጸልይላችኋለሁ" አለች። መጸለይዋንም አምናታለሁ። በማግስቱ ንጋት እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር ጥቅስ ላከችልን፣ በቢጫ አበባ። ሁሉም "አሜን" አለ። እኔም ጣቴን አንሥቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሦስተኛዋን አልጠየቅኳትም። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየችኝ፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ቲማቲም ተራ ታጠፈች። እኔም ወደ ሽንኩርት ተራ ታጠፍኩ።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። መጋላ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ በቀፊራ ቅመም የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ በርበሬዋ የሆነች ሴት። ልጄ አራስ ቤት ሳለች ገንፎውን በየጠዋቱ ያገነፋችው እሷ ናት። ልጄ ከአልጋ ብትነሣ የምትቆጣትም እሷ ናት። ያን ቀን ስመለስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"አገኘሽ?"

"አላገኘሁም።"

"አቦ! ያ ሁሉ ነጠላ ለባሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ባጃጅ መተላለፊያ ያጣል። አንዲት ሕፃን የሚይዝ እጅ ከመካከሉ ጠፋ?"

ሳቅኩ። ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

"እኔ ልያዛት?" አለች።

"አይቻልም እኮ።"

"አውቃለሁ፤ ለቀልድ ነው።" ወደ በሯ ዞር አለችና "ወላሂ ለቀልድም አይደለም" አለች።

የንስሐ አባቴ ደወሉ። ሰው ካላገኘሁ በዚያው ጠዋት ከሚመጡት ምእመናን አንዷን እንጠራለን አሉኝ። ተስፋ ሆኖ ታየኝና ለልጄ ነገርኳት። ልጄ የሕፃኗን ልብስ እያጠፈች ነበር። ማጠፏን አላቆመችም።

"አልሄድም" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"እንዴት?"

"ከመንገድ የተጠራ ሰው ለልጄ አልፈልግም። ከምታውቂያቸው ሴቶች ሁሉ አንድም የሚፈልጋት ከሌለ፣ እዚያ በር ላይ ታቅፌያት አልቆምም። እማዬ፣ እኔ የሠራሁትን አውቃለሁ። እሷን ግን ለልመና አላወጣትም።"

"ሳትጠመቅ ልትቀር?"

ቀጣዩን ልብስ አንሥታ አጠፈች። ልጄን አውቃታለሁ። አባቷም እንዲህ ነበር፤ ሲቆርጥ ድምፁ ዝቅ ይላል። የፈራሁት ለሕፃኗ ብቻ አልነበረም። ሕፃኗ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አንድ ጊዜ ከተመለሰች፣ ልጄም ዳግመኛ እንደማትመጣ ገባኝ። ያን ሌሊት የጸለይኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ።

የክርስትናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ተንኳኳ ከማለት ተመታ ማለት ይሻላል። ከፈትኩ። ኃይለኛዋ ሴት ናት። ደቻቱን በእግሯ ተሻግራ መጥታለች፤ ማለዳ ተራራው ላይ ዘንቦ ስለነበር ጫማዋ እርጥብ አሸዋ ይዟል። ደህና ዋልሽም አላለችኝ።

"ጽዋው ዘለለኝ ብለሽ አዝነሻል አሉ።"

"ማን አለ?"

"ቅመም ልገዛ ሄጄ ጎረቤትሽ ገበያ መካከል ሰደበችኝ። 'እናንተ ሰዎች ሕፃን ያስፈራችኋል ወይ?' አለችኝ። ምን እንደምታወራ አላውቅም። ለካ የክርስትና እናት ፍለጋ ከተማውን ዞረሻል።" ወደ ውስጥ ገባች፣ ወንበር ሳላቀርብላት ተቀመጠች። "ወደ ሁሉም ሄድሽ። ወደ እኔስ?"

ማራገቢያውን ወደ እርሷ አዞርኩላት።

"እነሱ አንቺን ዘለሉሽ። አንቺ ደግሞ እኔን ዘለልሽኝ።"

"አንቺማ... በዚያን ቀን..."

"በዚያን ቀን ያልኩትን ዛሬም እላለሁ። ልጅሽ አጥፍታለች። ጥፋትን ጥፋት ነው የምለው።" እጇን ወደ አልጋው ዘረጋች። "ይቺስ? ይቺ ምን አደረገች?"

ልጄ ከጓዳ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

"እርስዎ ነዎት የልጄ ክርስትና እናት የሚሆኑት?" አለቻት። "እናቴን በሰው ፊት ያሳፈሯት? እኔን የሰደቡኝ?"

"ሰድቤሻለሁ።"

"እና?"

"ተሰብስበው በተቀመጡበት፣ እናትሽ እየሰማች ነው የሰደብኩሽ። እናትሽ በሌለችበት ምን እንደተባለ ግን እኔ አልነግርሽም።" ሴትዮዋ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል፤ ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት። "ስሚ ልጄ። እኔ ለስላሳ አፍ አልተሰጠኝም። ባሌም በዚሁ ሲያማርረኝ ነው የሞተ። ብትፈልጊ አትውደጂኝ። ግን ነገ ልጅሽን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የያዝኩትን ደግሞ አልጥልም። አንቺም ንስሐ ትገቢያለሽ።"

"ቢበቃዎት ምን አለ!" አለች ልጄ። ድምፅዋ ግን ዝቅ አላለም፤ እንደ ልጅነቷ ጮኸ። ተስፋ ያደረግኩት ያኔ ነው።

"አይበቃኝም። ነገም እናገርሻለሁ፣ ከነገ ወዲያም። ዘመድ ምን ያደርጋል ታዲያ?"

  ልጄ ወደ እኔ አየች። ምንም አላልኳትም፤ ከእኔ የሚወጣ ቃል ሁሉ ልመና ይሆን ነበር። ሄዳ ሕፃኗን ከአልጋው አነሣች። ትንሽ ታቅፋት ቆየች። ከዚያ በሴትዮዋ ትላልቅ እጆች ላይ አስቀመጠቻት።

ሕፃኗ ዓይኗን ገልጣ አየቻት፣ ፊቷን ጨምደድ አደረገች፣ ሸናችባት። የሴትዮዋ ነጭ ቀሚስ እስከ ጉልበት ራሰ።

"ይኸው!" አለች ኃይለኛዋ፣ ሳትንቀሳቀስ። "ቀድማ እኔን አጠመቀችኝ።"

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ስትስቅ ነው። ከዚያ ደግሞ አለቀሰች።

በማግስቱ በማለዳ በባጃጅ ሄድን። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ ድሬ በዚያ ሰዓት ሌላ አገር ትመስላለች። ሴትዮዋ ከእኛ ቀድማ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ውስጥ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ክር የተገመደበት ማዕተብ ይዛለች። ራሷ ነው የገመደችው፤ ግምዱ ወፍራም ነው፣ እንደ እሷ።

ለልጄ ካህኑ አስቀድመው ጸሎት ደገሙላት፤ ከወለደች ጀምሮ ያልረገጠችውን ደጅ ተሳልማ ገባች። ጀርባዋን ነው ያየሁት። ቀጥ ብሎ ነበር።

የክርስትና እናቷ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞረች፣ ሰይጣንን ካደች። ወደ ምሥራቅ ዞረች፣ መሰከረች። ሌሎች የክርስትና እናቶች በሹክሹክታ ይሉታል። እሷ ግን በዚያ በምታስደነግጠኝ ድምፅ አለችው፤ ግቢው ሁሉ ሰማ። ያንን ድምፅ ስጠላው ኖሬአለሁ። በዚያ ጠዋት ግን ድምፅ እንዲህ ለልጅ ልጄ ሲቆም ሰምቼ አምላኬን ስለ ድምፅዋ አመሰገንኩት። ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ጮኸች። ሜሮን ተቀባች፣ ማዕተቡ ታሰረላት፣ ቆረበች። የክርስትና ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ያቺ የከዚራ ጓደኛዬ መጥታ ሳመችኝ። ዓይኗ እንባ ነበረው። "ባለቤቴን እስካሳምነው ቀደማችሁኝ" አለችኝ። ደም ግፊቷን ረስታዋለች። አላስታወስኳትም። ወደ ማታ ለሕፃኗ የሚያምር ነጭ ቀሚስ ላከች። ልጅቷ ለብሳዋለች። ቀሚሱ ምን አደረገ?

ለማኅበሩ የሚበቃ ምግብ አዘጋጅቼ ነበር። መጥራት የሚገባኝን ሁሉ ጠርቻለሁ። ወንበር ከጎረቤት ተውሼ በኒሙ ጥላ ሥር ደረደርኩ። የመጡት አባታችን፣ የክርስትና እናቷ፣ ጎረቤቴና ልጆቿ ናቸው። የጾም ድግስ አንድ መልካም ነገር አለው፤ ሥጋ ስለሌለበት ጎረቤቴም ከእኛ ጋር ከአንድ መሶብ ትበላለች። ሽሮውን ቀምሳ "በርበሬው የኔ ነው፤ ለዚህ ነው የጣፈጠው" አለች። ኃይለኛዋም "ለዚህ ነው ያቃጠለኝ" አለቻት። ሁለቱ ከዚያች ከገበያዋ ቀን ወዲህ እንዲህ ናቸው።

ባዶዎቹን ወንበሮች ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ኃይለኛዋ አየችኝ። ተነሥታ የድስቱን ክዳን ከፈተች።

"ይህ ሁሉ ለማን ነው?"

"ለማኅበሩ ነበር።"

"የማኅበሩ ባለቤቶች ደጀ ሰላም ተቀምጠዋል። ተነሺ፤ ባጃጅ ጥሪ።"

ድስቱን በሁለት ጨርቅ ጠቅልለን፣ እንጀራውን በመሶብ ይዘን፣ ለነዳያን ወሰድነው። እሷ ታወጣለች፣ እኔ አድላለሁ። ሁሉም አለቀ። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት እጄን ይዛ "የምን ዝክር ነው?" አለችኝ። "የልጅ ልጄ ክርስትና ነው" አልኳት። "ያሳድግልሽ፤ እልል" አለች፣ ብቻዋን። ያን ቀን እልልታ ከሰማሁባቸው አፎች አንዱ ነው።

በነሐሴ ሃያ አንድ ማኅበሩ ከተማው ዳር ባለ ቤት ተሰበሰበ። ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ሊሰጥ ሲነሣ ኃይለኛዋ ተናገረች።

"የተዘለለች አለች።"

"እሷማ ደክሟታል ብለን ነው" አለች ሰብሳቢያችን።

ኃይለኛዋ ወደ እኔ ዞረች። "ደክሞሻል?"

ብዙ ዓይን ነበር። ቃል ማብዛት አልወድም።

"አልደከመኝም።"

"አልደከማትም" አለችና ጽዋውን ከነጨርቁ እጄ ላይ አስቀመጠች።

በመስከረም ሃያ አንድ ወደ ቤቴ መጡ። ሁሉም አልመጡም። የመጡት ሕፃኗን ተቀባብለው ሳሟት። የጥቅስ ልጃችን መጥታ ከኋላ ተቀመጠች፤ ስትወጣ "እማማ፣ ይቅር በይኝ" አለችኝ። "ምንም አላደረግሽም" አልኳት። በኋላ ሳስበው ጥፋቷም እሱ ነበር፤ ምንም አላደረገችም። እሱን ግን አልነገርኳትም። ወጣት ናት፤ ይደርስላታል።

በዐውደ ምሕረት ሰባኪው እንደ እምነታችን እንኖራለን ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሰማለሁ። ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። እኔ የሁሉን ክርስቲያን አላውቅም። የማውቀው አንድ ማኅበር ነው፤ ጥቂት ሴቶች። ሲከፋኝ ያጎረሱኝ ናቸው፤ ልጄን ሲፈሩ የሸሹኝም እነሱ ናቸው። ሰው ሲሞት እናውቅበታለን። ሰው ሲያፍር ግን ምን እንደምናደርግ አናውቅም። እኔም ብሆን ለሌላዋ ልጅ እንዴት እሆን ነበር እያልኩ እጠይቃለሁ፤ መልሱን እርግጠኛ አይደለሁም።

በዓመቱ ልጄ በሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አገኘች፤ ሕፃኗን ይዛ ሄደች። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። አባት የለሽ የሚላት በሌለበት ብታድግ ይሻላታል። አሁን ቤቱ ሰፊ ነው። ሁለት ክፍል እንዲህ ሰፊ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከሰዓት በኋላ የኒሙ ጥላ ወደ ግድግዳው ሲሄድ እያየሁ እቀመጣለሁ። ብቻዬን አይደለሁም እያልኩ አልዋሽም። ብቻዬን ነኝ።

ልጄ በስልክ ሕፃኗን ታሳየኛለች። መራመድ ጀምራለች። ማዕተቡ አንገቷ ላይ አለ፤ ወፍራም ስለሆነ በዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥም ይታያል። ልጄ አንድ ቀን "እማዬ፣ ትናንት ያቺ ሴትዮሽ ደውላ ሰደበችኝ" አለችኝ።

"ምን አጠፋሽ?"

"እሑድ ከቅዳሴ ቀርቻለሁ። እዚያ ድሬ ሆና እንዴት እንደምታውቅ እንጃ።" ከዚያ ሳቀች። "የሚመጣው እሑድ እሄዳለሁ አልኳት።"

ሴትዮዋ ለእኔም ትደውልልኛለች፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት ሳይሆን ማለዳ፣ ከጸሎት ስነሣ። ወሬ አታውቅም።

"አለሽ?"

"አለሁ።"

"ተመስገን በይ።"

ይዘጋል። እኔም ስልኩን አስቀምጬ፣ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ እንዳለችው እላለሁ።